ፍሙ ወደ ቤት ሲገባ፦ ማግማ የአህጉርን ሥር እንዴት ያሞቀዋል?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «የምኖረው እንጅባራ ነው። ልጄን ጂኦግራፊ ሳስጠና አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከጥልቅ የመጣ ሙቀት የኢትዮጵያን ደጋ ከፍ አደረገው፣ ማግማውም ወጥቶ ሸፈነው ይባላል። ግን ፕሌት ወፍራምና ቀዝቃዛ ነው ከተባለ ማግማው ሥሩን እንዴት ያሞቀዋል? ያቀልጠዋል? ወይስ ዝም ብሎ አልፎት ይሄዳል? ዛሬስ ከሥራችን እየቀለጠ ነው?»

ይህን ከእንጅባራ ሆኖ መጠየቅ ደስ ይላል። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ላይ ያዩታል።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ማግማው፣ ማለትም የቀለጠው ድንጋይ፣ የፕሌቱን ሥር አብዛኛውን አያቀልጠውም። ዝም ብሎ አልፎትም አይሄድም። ሙቀቱን በየመንገዱ እያራገፈ ይወጣል። የነካውን ድንጋይ ይለውጣል። ብዙው ደግሞ ከነጭራሹ ላይ ሳይደርስ እዚያው ይረጋል።

አሁን ቁጭ ብለን እንየው። ከእግራችን ሥር መጀመሪያ ያለው ቅርፊቱ ነው። በሰሜን ምዕራቡ ደጋ ውፍረቱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንዳንድ ቦታም ያልፋል። ከዚያ በታች ማንትል ይጀምራል። የማንትሉ የላይኛው ክፍል ቀዝቀዝ ያለና ግትር ስለሆነ ከቅርፊቱ ጋር ተጣብቆ አብሮ ይሄዳል። ሁለቱን አንድ ላይ ሊቶስፌር እንላቸዋለን፤ ፕሌት የሚባለውም ይኸው ነው። በአህጉሮች ሥር ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 200 ኪሎ ሜትር ይወፍራል። ከሱ በታች ያለው አስቴኖስፌር ነው። እሱም ድንጋይ ነው፤ ግን በጣም ስለሞቀ በዓመት በሴንቲ ሜትር እየተቆጠረ ይፈሳል።

«ቀዝቃዛ» የሚለው ቃል እንዳይሸውድዎት። የፕሌቱ ሥር ወደ 1,300 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠጋል። ቀዝቃዛ ያስባለው ከበታቹ ካለው ጋር ሲተያይ ነው። ደግሞ ብዙ ሰው ከሥራችን የእሳት ባሕር ያለ ይመስለዋል። የለም። ማንትል ጠጣር ነው። ማግማ ባለበት ቦታ እንኳ ብዙውን ጊዜ ከድንጋዩ ጥቂት በመቶ ብቻ ነው፤ በማዕድን ፍሬዎቹ መካከል እንደ ላብ ያቸፈቸፈ ነገር ብለው ያስቡት።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ድንጋይ ሙቀት የሚያቀብለው እጅግ በዝግታ ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። ቁጥሮቹ ከቃል ይልቅ ስለሚናገሩ ላስቀምጣቸው። ሙቀት በድንጋይ ውስጥ 10 ሜትር ለመዝለቅ 3 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። 100 ሜትር ለመዝለቅ 300 ዓመት። 1 ኪሎ ሜትር ከሆነ ከ30 ሺህ ዓመት በላይ። 100 ኪሎ ሜትር ከሆነ ደግሞ 300 ሚሊዮን ዓመት።

እንግዲህ የደጋው ባዛልት (ማግማ ላይ ወጥቶ የረጋው ጥቁር ድንጋይ) የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ያኔ አንድ በጣም የሞቀ ነገር ከፕሌቱ ሥር መጥቶ ተለጥፎ ነበር እንበል፤ ሌላ ምንም አላደረገም እንበል። ሙቀቱ እስከ ዛሬ ድረስ የሚዘልቀው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በአማካይ በዓመት 1 ሚሊ ሜትር! የእጅ ጥፍር እንኳ በወር ከዚያ በላይ ያድጋል። በዚህ አካሄድ የፕሌቱ መካከለኛ ክፍል ዛሬም ወሬው አልደረሰውም ማለት ነው።

ግን ደርሶታል። ማስረጃው ብዙ ነው፣ እንመጣበታለን። ታዲያ በምን ደረሰ?

በቅዝቃዜ ወራት አንድ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ያለው ቤት ያስቡ። ከግድግዳው ውጭ እሳት ቢያነዱ ውስጥ የተቀመጠው ሰው እስኪሞቀው ይነጋል። ፍሙን በማንደጃ አድርገው ይዘው ቢገቡስ? ወዲያው ይሞቃል። አንድ ማንደጃ ጥግ ላይ ከማስቀመጥ ደግሞ አራት ማንደጃ በየጥጉ ቢበተን የበለጠ ያሞቃል። ማግማ የፕሌቱ ማንደጃ ነው። ሙቀቱን ተሸክሞ ራሱ ይገባል።

ስለዚህ ወሳኙ ጥያቄ «ማግማው ስንት ዲግሪ ነው?» አይደለም። «መንገዶቹ ምን ያህል ይራራቃሉ?» ነው። ማግማ በአንድ ትልቅ ቧንቧ አይወጣም። ታች ላይ በማዕድን ፍሬዎች መካከል ይንጠባጠባል፣ ከዚያ እየተሰበሰበ ቀጫጭን ቦዮች ይሠራል፣ ላይ ላይ ደግሞ ስንጥቅ ከፍቶ ይገባል። ቦዮቹ በ10 ኪሎ ሜትር ቢራራቁ በመካከላቸው ያለው ድንጋይ ለመሞቅ ሚሊዮን ዓመታት ይፈጅበታል። በ100 ሜትር ቢራራቁ ግን ጥቂት መቶ ዓመታት ይበቁታል። በጂኦሎጂ ሰዓት ይህ የዓይን ጥቅሻ ነው። የፕሌቱ የታችኛው ክፍል ከላይኛው በፊት የሚለወጠው ለዚህ ነው፤ ቦዮቹ የሚበዙትና የሚቀራረቡት እዚያ ነው።

ሌላም አለ። ማግማ ሙቀት የሚሰጠው በመቀዝቀዝ ብቻ አይደለም፤ ሲረጋም ይሰጣል። አንድ ኪሎ የባዛልት ማግማ ሙሉ በሙሉ ሲረጋ የሚለቀው ሙቀት ብቻውን ሦስት ኪሎ ድንጋይን በ100 ዲግሪ ገደማ ያሞቃል። ይህ ከፍተኛ ስጦታ ነው። ለማግማው ግን ሞት ነው።

ያልጋለ ምጣድ ላይ የፈሰሰ ሊጥ ምን ይሆናል? እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። የመጀመሪያው ማግማም ዕጣው ይኸው ነው። ቀዝቃዛው ግድግዳ ሙቀቱን ይነጥቀዋል፣ ረግቶ መንገዱን ይደፍናል። ግን ግድግዳውን አሙቆ ነው የሞተው። ቀጣዩ ትንሽ ከፍ ብሎ ይሞታል። ከዚያ ቀጣዩ። ምጣዱ እስኪሟሽ ድረስ ብዙ ሊጥ ይባክናል ብዬ ለተማሪዎች ስናገር ይስቃሉ፤ ፈተና ላይ ግን የሚያስታውሱት እሱን ነው። እኛ ላይ ላይ የምናየው ላቫ ከተሟሸ በኋላ ያለፈውን ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ ማግማው ራሱ የሚፈጠረው ከታች እሳት ስለተጨመረበት አይደለም። የሞቀው የማንትል ድንጋይ ወደ ላይ ሲወጣ የተጫነው ግፊት ይቀንስለታል፤ ግፊቱ ሲቀንስ የመቅለጫው ዲግሪም አብሮ ይወርዳል፣ ከፊሉም ይቀልጣል። ፕሌቱ እንደ ክዳን ነው፤ ክዳኑ ወፍራም ከሆነ ድንጋዩ ከፍ ብሎ መውጣት አይችልም፣ የሚቀልጠውም ትንሽ ይሆናል። በአፋር ሥር ያለው ማንትል ከተለመደው በ100 ዲግሪ ገደማና ከዚያ በላይ እንደሚሞቅ ከላቫዎቹ ኬሚስትሪ ተሰልቷል። ክዳኑም እዚያ ሳስቷል። ሁለቱ ሲገናኙ የምናየውን ያመጣሉ።

አሁን «ይለውጠዋል» ወዳልኩት ልሂድ። እኔን ሁልጊዜ የሚስበኝ ይህ ክፍል ነው፤ ምክንያቱም በእጅ ይያዛል።

እንጅባራ ዙሪያና ከጣና በስተደቡብ ያሉት እሳተ ገሞራዎች በጂኦሎጂ ቋንቋ ገና ልጆች ናቸው። እርስዎ የሚያውቁት የዘንገና ሐይቅም የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ነው። ከነዚህ ወጣት ባዛልቶች አንዳንዶቹ ሲወጡ ከመንገድ ላይ የገነጠሉትን ድንጋይ ይዘው ወጥተዋል። ሳይንሱ ዜኖሊት ይለዋል። ቃሉ ከግሪክ ነው፣ «እንግዳ ድንጋይ» ማለት ነው። ከፕሌቱ ሥር በቀጥታ የመጣ ናሙና ነው። ሰው እስከ ዛሬ የቆፈረው ጥልቁ ጉድጓድ በሩሲያ ኮላ ልሳነ ምድር ያለው ሲሆን ከ12 ኪሎ ሜትር ትንሽ ነው ያለፈው። እነዚህ ድንጋዮች ግን ከ40 ኪሎ ሜትር በታች የመጡ ናቸው። እንጅባራ ላይ በነፃ።

አንዱን ሲያዩት መጀመሪያ ጥቁሩን ድንጋይ ያያሉ። በመካከሉ ጡጫ የሚያህል አረንጓዴ ቁራጭ ተሰክቷል። አረንጓዴው ቢጫ የተቀላቀለበት ነው፤ ኦሊቪን ነው፣ ፍሬዎቹ እንደ ደቃቅ ጠርሙስ ስብርባሪ ያብረቀርቃሉ። በመካከሉ እንደ ጎመን ቅጠል የደመቀ አረንጓዴ ጠብታ ካለ እሱ ሌላ ማዕድን ነው፣ ክሮም ያለበት ፓይሮክሲን። ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦችም አሉ፣ ስፒኔል ናቸው። ስፒኔል መኖሩ ጥልቀቱን ይነግረናል፤ በጣም ወደ ታች ቢሆን ኖሮ ቦታውን ጋርኔት ይይዘው ነበር። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳገኝ ጓጉቼ በመዶሻ መታሁት። እንደ ጥሬ ስኳር ተፈረካከሰ። ከ40 ኪሎ ሜትር ደህና የመጣውን ድንጋይ እኔ በአንድ ምት ጨረስኩት።

ስለ ፍጥነቱም ይናገራል። ይህ ድንጋይ ከተሸከመው ማግማ ይከብዳል። ማግማው ቀስ ቢል ኖሮ ድንጋዩ ወደ ታች ይሰምጥ ነበር። ስላልሰመጠ ማግማው ያን ሁሉ መንገድ የወጣው በሰዓታት ወይም በቀናት ነው። ሚሊዮን ዓመታት የፈጀ ነገር መጨረሻው እንዲህ ይቸኩላል።

የእንጅባራዎቹን ልዩ የሚያደርጋቸው ግን ሌላ ነው። በውስጣቸው አምፊቦል የሚባል ማዕድን አለ። አምፊቦል በመዋቅሩ ውስጥ ውኃ ይይዛል። መነሻው የማንትል ድንጋይ ደረቅ ነው፤ ይህ ውኃ ከውጭ የመጣ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ደግሞ በኦሊቪኑና በፓይሮክሲኑ ውስጥ በጣም ጥቃቅን አረፋዎች አሉ። ውስጣቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውኃና ክሎሪን ተገኝቷል። ማለትም አንድ ጊዜ በዚህ ድንጋይ ውስጥ የሆነ ፈሳሽ አልፏል። እየሄደ ማዕድኑን ለውጦ፣ ከራሱም ጥቂት አስቀርቶ ሄዷል። ሜታሶማቲዝም የሚባለው ይህ ነው። ድንጋዩ ሳይቀልጥ ይለወጣል።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ለነገ። ደረቁ የማንትል ድንጋይ ለመቅለጥ በጣም እንቢተኛ ነው። አምፊቦል ወይም ፍሎጎፓይት የሚባለው ቡናማ ሚካ ያለበት ድንጋይ ግን ከሱ በመቶዎች ዲግሪ ቀድሞ መቅለጥ ይጀምራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ማግማ ሳያውቅ ለወደፊቱ ማገዶ ቆልሎ ይሄዳል። ሚሊዮኖች ዓመታት ቆይቶ ሌላ ሙቀት ሲመጣ ቀድሞ የሚነሳው ይህ የተለወጠ ክፍል ነው። «ፕሌቱ ቀለጠ» ማለት የሚቻል ከሆነ የሚቻለው እዚህ ላይ ነው፤ ጠቅላላው ሳይሆን እነዚህ ሥሮች ብቻ።

ሙቀቱ ራሱ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ ድንጋዩን ያልፈሰፍሰዋል። በፕሌቱ ሥር 100 ዲግሪ መጨመር ድንጋዩ ለመለጠጥ የሚያሳየውን እንቢታ በአሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ሊቀንሰው ይችላል። የለሰለሰው ክፍል ከፕሌቱ ጋር መጓዙን ትቶ ከታችኛው ጋር መፍሰስ ይጀምራል። ፕሌቱ ከሥር ሳሳ የምንለው አንዳንዴ ይህን ነው፤ ድንጋዩ የትም አልሄደም፣ ወገን ነው የቀየረው።

ሁለተኛ የሞቀ ድንጋይ ይሰፋል፣ ይቀላል፣ ከፍ ይላል። 100 ኪሎ ሜትር ድንጋይ በአማካይ በ100 ዲግሪ ቢሞቅ 300 ሜትር ገደማ ወደ ላይ ያድጋል። ይህ ግን የደጋውን ከፍታ ብቻውን አይሸፍንም። ከሥር የሚገፋው የሞቀ ማንትል አለ፤ ከላይ የተከመረው ላቫ አለ፤ በመካከል ደግሞ ሳይወጣ የቀረው አለ።

ሳይወጣ የቀረው ብዙ ነው። ከደባርቅ ወደ ሰሜን ተራሮች ሲገቡ ገደሉ እንደ ደረጃ ተደራርቦ የሚታየው እያንዳንዱ የላቫ ፍሰት ነው። ቦታ ቦታ ላይ የባዛልቱ ክምር 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። አብዛኛው የፈሰሰው በ1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ ነው። ሰው ይህን አይቶ ሁሉም የወጣ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ግን ትልቅ ዓለም አቀፍ ጥናት ተደርጎ ነበር። ተመራማሪዎች ጉድጓድ ቆፍረው ፈንጂ እያፈነዱ ሞገዱ በምድር ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ በብዙ መሣሪያ ለኩ። በሰሜን ምዕራቡ ደጋ ሥር፣ በቅርፊቱ ወለል ላይ፣ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚወፍር ንብርብር ታየ። ሞገዱ በውስጡ በሰከንድ 7.4 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። ለተለመደ የአህጉር ቅርፊት ይህ በጣም ፈጣን ነው። ከባድ፣ ከማግማ የረጋ ድንጋይ ነው ተብሎ ተተረጎመ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ማግማ ከማንትሉ ስለሚቀል ይወጣል። ቅርፊቱ ጋ ሲደርስ ግን ከላዩ ያለው ድንጋይ እንደሱ ቀላል ይሆንበታል። የሚገፋው ነገር ይጠፋል። እዚያው ይተኛል፣ ይረጋል፣ ሙቀቱን ለቅርፊቱ ወለል ይለቃል። ስለዚህ ከላይ ካዩት 2 ኪሎ ሜትር ጀርባ 15 ኪሎ ሜትር ተቀብሯል። ሒሳቡን ለእርስዎ ልተወው።

ይህ ሁሉ በአህጉሮች ሁሉ እኩል አይሠራም። ታንዛኒያን የያዘው ጥንታዊ ምድር ለምሳሌ ሥሩ በጣም ጥልቅ ነው። ስምጥ ሸለቆው ሰንጥቆት አላለፈም፤ ምሥራቅና ምዕራብ ብሎ ተከፍሎ ዞረው። እዚያም ቢሆን ከጥንታዊው ምድር ጠርዝ፣ ላባይት ከሚባል እሳተ ገሞራ የወጡ ዜኖሊቶች የፕሌቱ ሥር እየሞቀና ማግማ እየገባበት እንደሆነ ያሳያሉ። ትልቅ ዛፍም ከሥሩ ይነካል።

ወደ መጨረሻው ጥያቄዎ ልምጣ። ዛሬስ?

ስምጥ ሸለቆውና አፋር ላይ አዎ፣ ሥራው አልቆመም። በሰሜን አፋር ቅርፊቱ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ እስኪሆን ድረስ ሳስቷል። እ.ኤ.አ. መስከረም 2005 በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ በማግማ ተሞላ፤ ስፋቱ ቦታ ቦታ ላይ 8 ሜትር ደረሰ። ያ ሁሉ በቀናት ውስጥ ነው። በኋላ በኤሌክትሪክና በመግነጢስ ልኬት ሲታይ ከዚያ በታች፣ እስከ ማንትሉ የሚወርድ፣ ቢያንስ 500 ኪሎ ሜትር ኩብ የሚሆን ማግማ እንዳለ ተገመተ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በፈንታሌና ዶፈን አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጡ ሰውን ከቀየው ያፈናቀለውም የዚህ ዓይነት ማግማ ከመሬት በታች ድንጋዩን ሰንጥቆ ስለገባ ነው። አዲስ አበባ ላይ ፎቅ ቤት ውስጥ የነበረ ሰው አይረሳውም።

እነዚህ ስንጥቆች በቅርፊቱ ውስጥ ናቸው፤ እርስዎ ስለጠየቁት ስለ ፕሌቱ ሥር በቀጥታ አይደሉም። ግን ግንኙነት አላቸው። ወፍራም ቀዝቃዛ ፕሌትን በመጎተት ብቻ መቅደድ እጅግ ከባድ ነው፤ ምድር ያን ያህል ጉልበት የላትም። ማግማ ሥሩን አሙቆ ካለሰለሰውና በስንጥቅ እየገባ ካገዘው ግን በጣም ባነሰ ኃይል ይቻላል። ስምጥ ሸለቆው ዛሬ በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ እየሰፋ ነው።

በደጋው ሥር ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ በማንትሉ ውስጥ ሲያልፍ ይዘገያል። ማለትም ሞቅ ያለ ነው፣ ጥቂት ማግማም አይጠፋውም። እንጅባራ ላይ ግን ይህ ለነገ ስጋት ነው አልልም። ከ40 ኪሎ ሜትር በታች በድንጋይ ፍሬዎች መካከል ያለ ላብ ቤትዎን አያሞቀውም።

ለልጅዎ አንድ የቤት ሥራ ልስጠው። በአካባቢው ጥቁሩ ድንጋይ የተቆረጠበት ቦታ ወይም የመንገድ ቁርጥ ካለ አረንጓዴ ነጥብ ይፈልግ። አንድ ነጠላ አረንጓዴ ፍሬ ብቻ ካገኘ ከማግማው ራሱ የረጋ ኦሊቪን ሊሆን ይችላል። ብዙ ፍሬ ተጣብቆ፣ ጠርዙ ከጥቁሩ ተለይቶ፣ እንደ ተሰካ ቁራጭ ከታየው እንግዳው እሱ ነው። ያገኘበትን ቦታ ይጻፍ፣ ፎቶ ያንሳ፣ ከነጥቁሩ ድንጋይ ይያዘው። መዶሻውን ደግሞ እባክዎ እርስዎ ጋ ያስቀሩት።